በእማማ ጋቢ ላይ ያለችው የእኔ ስንዝር

ወንድ ልጅ የሚዋረድበት መንገድ ብዙ ነው። በጥጥ የተዋረደ ግን ከእኔ በቀር ሰምቼ አላውቅም። ጥጥ ቀላል ነገር ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ለማንኛውም ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁና ስቃችሁ ስትጨርሱ ትፈርዱብኛላችሁ።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ እማማ ጥሩወርቅ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሚስት የለኝም። ይህን የጻፍሁት ለማስታወቂያ ሳይሆን ለታሪኩ ስለሚያስፈልግ ነው፤ ማስታወቂያ አድርጋ የምታነበው ካለች ግን አልቃወምም።

እማማ ጥሩወርቅ የግቢው ባለቤት ናቸው። በሰፈሩ ዘንድ የታወቁት ግን በቤታቸው አይደለም፣ በእንዝርታቸው ነው። በዚህ ሰፈር የተሞሸረ፣ የቀሰሰ፣ ሩቅ አገር ሥራ የተመደበ ሁሉ የለበሰው ጋቢ ውስጥ የእማማ ፈትል አለበት። እርሳቸው ራሳቸው የሚለብሱት ጋቢ ግን ከማርጀቱ የተነሣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ጥላ አይጥልም። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የሚፈትሉት በጣታቸው እየዳበሱ ነው፤ ያም ሆኖ ክራቸው ከዓይናማዎቹ ሁሉ ይቀጥናል።

አንድ እሑድ፣ እማማ ለቅሶ ሊደርሱ ሲወጡ ጠብቃ ውዴ ግቢውን ሰበሰበችው። ውዴ ጎረቤቴ ናት፤ ሥራዋ ወፍጮ ቤት ተራ ማስያዝ ነው። ተራ ማስያዝ ደግሞ ወፍጮ ቤት በር ላይ የሚቀር ሥራ አይደለም። ቤቷም ስትገባ፣ ቤተ ክርስቲያንም ስትሄድ፣ ሁላችንንም ተራ ታስይዘናለች።

“ለእማማ ጋቢ እናሠራለን” አለች ውዴ። “ድሩን ከሱቅ እንገዛለን። በመሃሉ የሚመላለሰውን ማግ ግን እያንዳንዷ ድርሻዋን በእጇ ትፈትላለች። ለግንቦት ልደታ፣ ንፍሮ ቀቅለን ስንሰበሰብ እናለብሳቸዋለን። ሕጉ አንድ ነው። እማማ አንዲት ክር እንዳይነኩ! ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ፈተሉ፤ አንድ ጊዜ እንኳ የሰው እጅ ይልበሱ።”

ልቤ ተነካ። እውነቴን ነው። ግቢው የገባሁ ሰሞን ታይፎይድ ሲጥለኝ አጥሚት ያጠጡኝ እማማ ናቸው። ውዴ ስም ስትጽፍ ግን እኔን ዘለለችኝ።

“እኔስ?” አልሁ።

“አንተማ ወንድ ነህ። ንፍሮው ላይ ትደርሳለህ።”

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ዛሬ የተከበርሁ ሰው ነበርሁ። ዳሩ ግን ከዚያ በፊት በሴቶች ቀን፣ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ “የወንድ ሥራ፣ የሴት ሥራ የሚባል ነገር የለም” ብዬ ንግግር አድርጌ ነበር። ተጨብጭቦልኛል። ውዴም ከአጨብጫቢዎቹ አንዷ ነበረች። ስለዚህ ብድግ ብዬ፣ “የእኔም ድርሻ ይጻፍ! እንዝርት ማለት እኮ የሚሽከረከር አካል ነው፤ እኔ ደግሞ ስለሚሽከረከር አካል ነው የማስተምረው” አልሁ። ትርንጎ፣ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ፣ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው። ውዴ ግን አልሳቀችም። ደብተሯ ላይ “መምህር፣ አንድ ድርሻ” ብላ ጻፈች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንድ ፌስታል ሙሉ የተነደፈ ጥጥ ታቅፌ ክፍሌ ገባሁ።

እንዝርት ሰው ሲያሽከረክረው አይታችኋል። ጭን ላይ ያሻሹታል፣ ይሽከረከራል፣ ጥጡ እየሳሳ ክር ይሆናል። ይኸው ነው። እኔም በሬን ቆልፌ፣ መጋረጃዬን ጋርጄ ጀመርሁ። ጂንስ ሱሪ ላይ አልሽከረከር አለ። ሱሪዬን አውልቄ ቁምጣ ለበስሁ። ጣቴን አላበኝ፤ ጠመኔ ቀባሁት። ክሩ ተበጠሰ፣ ቀጠልሁት፣ ተበጠሰ። በመጨረሻ የወጣልኝ ነገር አንድ ቦታ ላይ እንደ ጅራፍ የወፈረ፣ አንድ ቦታ ላይ ጨርሶ የሌለ ሆነ። በዚህ መሃል ትርንጎ ጨው ልትበደር አንኳኳች። በቁምጣ፣ ጭኔ በጠመኔ ነጥቶ፣ ጢሜ ላይ ጥጥ ተለጥፎ ከፈትሁላት። ጨዉን ሳትወስድ ሄደች።

ከዚያ በኋላ መዋሸት ጀመርሁ። ውዴ ጠዋት ጠዋት በሬ ላይ ትቆማለች።

“መምህር፣ ድርሻህ?”

“ዛሬ ሚካኤል ነው እኮ ውዴ። በሚካኤል ይፈተላል እንዴ?”

በበዓል እንደማይፈተል እርሷም ታውቃለች፤ ትመለሳለች። ከአራት ቀን በኋላ ስትመጣ ኪዳነ ምሕረት ናት። ቀጥሎ ገብርኤል፣ ቀጥሎ ማርያም፣ ቀጥሎ ጊዮርጊስ። እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚያ ወር እኔ ያከበርሁትን በዓል ያከበረ መነኩሴ የለም። በዓል በሌለበት ቀን ደግሞ፣ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” አልኋት።

“ያንተ እንቁላል እኮ ገማ!” ብላኝ ሄደች።

ሌሎቹ አንድ በአንድ አስረከቡ። እኔና ትርንጎ ብቻ ቀረን። መላ መታሁ። የተፈተለ ማግ ገበያ ላይ ይሸጣል አይደል? ፍኖተ ሰላም ገበያ ብገዛ ከምሳ በፊት ውዴ ትሰማለች። ስለዚህ ቅዳሜ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቡሬ ሄድሁ። ፈትል የሚሸጡት ሴቶች የተቀመጡበትን ረድፍ አገኘሁት። ጎንበስ ብዬ አንዱን ልቃቂት ሳነሣ ከጎኔ ሌላ እጅ ሌላ ልቃቂት አነሣ። ቀና ስል ትርንጎ ናት።

ሁለታችንም ልቃቂቱን እንደ ፍም ለቀቅነው።

“በርበሬ ልገዛ መጥቼ” አለች።

“እኔም በርበሬ” አልሁ።

የቡሬ በርበሬ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ሰበብነቱ አይጠረጠርም። ችግሩ፣ ሰበብ ካደረጉት መግዛት ግድ ነው። ጎን ለጎን ቆመን በርበሬ መረጥን፣ አስመዘንን፣ በአንድ ሚኒባስ ጎን ለጎን ተቀምጠን እያስነጠስን ተመለስን። አምስት ኪሎ በርበሬ ለአንድ ወንደላጤ! እስከ ዛሬ አላለቀልኝም። ትርንጎ በሳምንቱ ድርሻዋን አስረከበች። እንዴት እንደ ጨረሰች አልጠየቅኋትም፤ ጨዋ ሰው ነኝ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስናገር ነው የማፍረው። ልደታ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እማማ ጥሩወርቅ ከደጃፌ ከቆሻሻ መጣያው ሥር ጎንበስ ብለው የጣልሁትን የተቋጠረ ክር አነሡ። ዳበሱት።

“ልጄ፣ ይህን የፈተለ ሰው ታሟል ወይ?”

“እኔ ነኝ እማማ” አልሁ። ጥጡን ከየት አመጣኸው ብለው ሳይጠይቁኝ በፊት ልሸፍነው ፈልጌ ምላሴ ያለ ፈቃዴ ቀጠለ። “ለእናቴ ጋቢ ላሠራላቸው ብዬ ነው። ያሉበት ጢስ ዓባይ ብርዱ…”

እማማ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። “ለእናትህ! በገዛ እጅህ! የኔ ጌታ፣ አምጣው እስቲ እኔ ልፈትልልህ።”

“ኧረ አይሆንም እማማ!”

“አምጣው እንጂ።”

“አያደርጉትም እማማ፣ ዓይንዎት…”

“ስለ ልደታ፣ አምጣው!”

አገራችን ሁለቴ እምቢ ማለት ጨዋነት ነው፤ ሦስተኛው ጥጋብ ይባላል። ጥጋበኛ እንዳልባል ብዬ ሰጠኋቸው። አዎ፣ ሕጉን አውቃለሁ። “እማማ አንዲት ክር እንዳይነኩ” ሲባል ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ግን አንዱን እንዳታስቀይም ብሎ ሁሉንም የሚያስበድል ጉድ ነው።

በአራት ቀን ፈትለው ሰጡኝ። ያበላሸሁት ጥጥ ስላጎደለው ከራሳቸው ሙዳይ ጨምረውበታል። “ለእናትህ ይሙቃት” ብለው ልቃቂቱን ስመው ነው የሰጡኝ። በዚያች ሰዓት መሬት ብትከፈትልኝ ተራ ሳልጠብቅ እገባ ነበር።

ውዴ ልቃቂቱን ስታይ አፏን ያዘች። አብረን ባጃጅ ተሳፍረን፣ በቡሬ መንገድ ወጣ ብሎ ወዳለው ሸማኔ፣ ወደ አያ ስንሻው ሄድን። አያ ስንሻው የሌሎቹን ድርሻ ሁሉ ሠርተው የእኔን ብቻ ይጠብቁ ነበር። ልቃቂቱን አገላበጡ፣ ጫፉን መዝዘው በጣታቸው መሃል አሳለፉት፣ ከዚያ እጄን አዩ።

“መምህር፣ ይህ ያንተ ፈትል ነው?”

“አዎ።”

“ዕድሜህ ስንት ነው?”

“ሠላሳ አራት።”

“ይህን የፈተለ እጅ ሃምሳ ዓመት ፈትሏል።”

“ፊዚክስ አስተማሪ እኮ ነው!” አለች ውዴ በኩራት።

“እንዲያ ከሆነ ደግ” አሉ አያ ስንሻው። ከዚያም የባሰውን ነገሩኝ። ማጉን የሚያስገቡት እንደ አመጣጡ ነው፤ የእኔ አንድ ስንዝር መጨረሻ ስለመጣ ቦታው ከጥለቱ ሥር ሆነ። ጋቢ ሲለበስ ፊት ለፊት፣ ደረት ላይ የሚወድቀው ጫፍ ማለት ነው። ለሰነፍ ሰው የክብር ቦታ።

ልደታ ሳምንት ሲቀራት እናቴ ደወሉ። ጋቢው ተሠርቶ ተልኳል ብዬ እማማን ዋሽቻቸው ነበር። ስልኬ ድምፁ ካልተለቀቀ አያሰማም። ግቢው መሃል ሆኜ ሳወራ እማማ እጃቸውን ዘረጉ። “ስጠኝ፣ ሰላም ልበላት።” ምን ልበል? ሰጠኋቸው።

“እንዴት ነሽ እናቴ? ጋቢውስ? ልኬላታለሁ ብሎኛል። ሞቀሽ?”

እናቴ ስለ ምን ጋቢ እንደሚጠየቁ አያውቁም። ይሁን እንጂ ሰውን ማሳፈር አልፈጠረባቸውም።

“ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! እንዲያው ሙቀቱ! እንዲያው ልስላሴው!”

“ጥለቱንስ እንዴት አደረጉት?”

“ጥለቱማ… ጥለቱማ እንደሚሆነው ነው።”

እማማ “ሆሆ” ብለው ስልኩን መለሱልኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እናቴ መልሰው ደወሉ። “ልጄ፣ ያመሰገንሁት የትኛውን ጋቢ ነው?”

ልደታ ደረሰች። ንፍሮው ተቀቀለ፣ ግቢው ሞላ፣ እማማን መሃል አስቀምጠን ጋቢውን አለበስናቸው። እልልታው ቀለጠ። እማማ እንባቸውን በአዲሱ ጋቢ ላለመጥረግ አሮጌውን ፈለጉ። ከዚያ አንድ ያላሰብነውን ነገር ጀመሩ። ጋቢውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ማንበብ!

“ይህ የውዴ ነው። ጠበቅ ያለ፣ እንደ ራሷ።” ሰው ሳቀ። “ይህ ደግሞ…” ጣታቸው ቆመ። “ይህቺ የቡሬ ሴት እጅ ነች። ትርንጎ፣ የናትሽ ወገኖች ቡሬ ናቸው ልበል?”

“አዎ እማማ! ቡሬ ናቸው!” አለች ትርንጎ፣ ሳትተነፍስ። እናቷ የደምበጫ ሰው ናቸው።

ጣታቸው እየተጓዘ ወደ ጥለቱ መጣ። እኔ የንፍሮ ሳህኔን እንደ ጋሻ ይዤዋለሁ። አሁን ለግቢው ሁሉ ይነግሩብኛል፤ ከዚያ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ሽንዲ ዝውውር እጠይቃለሁ። ይህን ሁሉ አሰብሁ። ከሁሉ የከፋኝ ግን ሌላ ነበር። ሌላ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ይፍተልላቸው ብለን የተነሣንበትን ነገር እኔ አበላሽቼዋለሁ። ጣታቸው ስንዝሬ ላይ ደረሰ። ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ።

“ይህስ የማን ነው?”

“የመምህር ነው እማማ!” አለች ውዴ።

እማማ ቀና ብለው እኔ ወዳለሁበት አዩ።

“ወንድ ልጅ እንዲህ ሲፈትል በዕድሜዬ አላየሁም” አሉ። “እኔ ራሴ ብፈትለው ከዚህ አላሳምረውም።”

ግቢው በእልልታ ተናጋ። እኔ ንፍሮ አነቀኝ። እማማ ግን አልጨረሱም። “እንግዲህ የሚቀጥለው ጋቢ ለመምህር እናት ይሁን። ሁላችንም እንፈትላለን። እርሱ ደግሞ ክፍሉን ዘግቶ ሳይሆን ግቢው መሃል ተቀምጦ ይፍተል። እኛም እጁን አይተን እንማር።” ውዴ ደብተሯን ከየት እንዳወጣችው አላውቅም። “መምህር፣ ሁለት ድርሻ” ብላ ስትጽፍ ግን በዓይኔ አየሁ።

በማግሥቱ እማማን ብቻቸውን አግኝቼ እግራቸው ሥር ተቀመጥሁ።

“እማማ፣ አጥፍቻለሁ።”

“አውቃለሁ። እናትህ ‘ጥለቱ እንደሚሆነው ነው’ ያለችኝ ለት አወቅሁ። አዲስ ጋቢ የለበሰች ሴት ስለ ጥለቱ ስትጠየቅ ግማሽ ሰዓት ታወራለች እንጂ!” ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልሁም። እንባዬ መጣ።

“ጋቢው የእርስዎ እጅ እንዳይኖርበት ነበር የታሰበው። ዓይንዎት እየደከመ እኔ…”

“ስማ” አሉኝ። “ከልጅነቴ ጀምሬ ፈትያለሁ። የፈተልሁትን ሁሉ ሰው ለበሰው። ‘ይሞቃል’ ይሉኛል፣ እኔም ‘እሰይ’ እላለሁ። እውነት ይሙቅ አይሙቅ ግን አላውቅም ነበር። ትናንት ለበስሁት።”

“እና?”

“ይሞቃል” አሉ። “እንዳሉት ነው” ብለው ጨመሩ።

ከዚያ እንዝርታቸውን አንሥተው እጄ ላይ አኖሩት። “ይህ ማለት ግን ይቅር አልሁህ ማለት አይደለም። ተቀመጥ።”

ግንቦትንና ሰኔን ግቢው መሃል ተቀምጬ ፈተልሁ። “ወንድ ልጅ እንዝርት ያዘ” ብሎ የሰፈር ሰው በአጥር ያያል። ተማሪዎቼ በዚያ በኩል ማለፍ ልማድ አደረጉ። አንድ ቀን ክሩ አሥር ጊዜ ሲበጠስብኝ፣ “እማማ፣ ዛሬ አሥራ ሰባት ነው፤ እስጢፋኖስ አይደል እንዴ?” አልሁ። “እስጢፋኖስ ትናንት ነው፤ ፍተል” አሉኝ። ውዴ ከሳምንት በኋላ ያን ጊዜ ያዘገየኝ ስንፍናዬ ሳይሆን እጄ እንደሆነ ገባት መሰለኝ፣ የልደታውን ፈትል አንሥታ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ከሁለቱ ድርሻዎቼ አንዱን ብቻ ዝም ብላ ሰረዘችልኝ። አያ ስንሻው ልቃቂቴን አይተው “አሁን ያንተ ነው” አሉ፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ሐምሌ ላይ ጋቢውን ለእናቴ ላክሁት። በሳምንቱ ደወሉ። ስለ ጥለቱ ግማሽ ሰዓት አወሩ። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ልጄ፣ ሰዎቹን እንዳታስቀይምብኝ እንጂ፣ አንዱ ጫፍ ላይ ምን ገብቶበት ነው? ገመድ ገመድ ይላል። ትከሻዬን ይቆረቁረኛል።”

“እማዬ፣ እሱ የእኔ ነው። በእጄ የፈተልሁት።”

ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ሲያገላብጡት በስልኩ ተሰማኝ።

“እንዲያ ከሆነማ” አሉ እናቴ፣ “በዚያ በኩል ነው የምለብሰው። ይቆርቁረኝ።”